የዲጂታል መልቲሜትር አዘጋጃጀትና የልኬት መረጃ ዝውውር ለመንግሥት ተቋማት ያለው ፋይዳ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት ቢቸናና ሞጣ የአካባቢያቸው የአስተዳደር፣ የንግድና የማኅበራዊ አገልግሎት ማዕከላት ናቸው። በእነዚህና በመሰል ከተሞች የሚገኙ የጤና ተቋማት፣ ፍርድ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች የዕለት ሥራ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይበልጥ በኤሌክትሪክ ላይ እየተመሠረተ መጥቷል። የክትባት ማቀዝቀዣው፣ የሕክምና መሣሪያዎች ማምከኛው፣ የውኃ መሳቢያ ፓምፑ፣ ኮምፒዩተሩና የሰነድ ማባዣው ሁሉ ሥራቸውን የሚያከናውኑት ተገቢው መጠን ያለው ኃይል ሲያገኙ ነው።

ኤሌክትሪክ መኖሩ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ያለው ኃይል መሣሪያው ከተሠራበት መጠን ጋር ይጣጣማል ወይ የሚለውም ጥያቄ ሊመለስ ይገባል። ለሥራ ኃላፊዎች የሚቀርቡ ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ “ኃይሉ ደካማ ነው”፣ “መሣሪያው በኃይል መዋዠቅ ተቃጠለ” የሚሉ ናቸው። ከእነዚህ ቃላት ብቻ በመነሳት ስታቢላይዘር ይገዛ፣ የሕንፃው የውስጥ መስመር ይታደስ ወይስ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ሰጪው ይጻፍ የሚለውን መወሰን አስቸጋሪ ነው። ለውሳኔ የሚያበቃው በቁጥር የተደገፈ፣ ጊዜውና ቦታው የታወቀ እንዲሁም በሌላ ባለሙያ ሊመረመር የሚችል ልኬት ነው።

ይህን ልኬት ለመውሰድ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች መካከል በዋጋም በአያያዝም ለተቋማት የሚቀርበው መረጃ መመዝገብ የሚችል ዲጂታል መልቲሜትር ነው። መሣሪያው ጠቃሚ የሚሆነው ግን በአግባቡ ሲዘጋጅና የመዘገበው መረጃ ሳይዛባ ወደ ኮምፒዩተር ሲተላለፍ ነው።

የችግሩ ምንጭ

በኢትዮጵያ ለተጠቃሚዎች የሚደርሰው ዝቅተኛ ቮልቴጅ በነጠላ ፌዝ 220 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ሲሆን ድግግሞሹ 50 ኸርዝ ነው። ኃይሉ በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት የማሠራጫ መስመሮች ወደ ከተሞችና ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይደርስና በየአካባቢው በተተከሉ ትራንስፎርመሮች አማካይነት ወደ 380 እና 220 ቮልት ዝቅ ይላል። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እነዚህን መስመሮች ወደ በርካታ የገጠር ከተሞችና መንደሮች አስፋፍቷል። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሎ የኃይል ማመንጨትና የማስተላለፍ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የሥርጭትና የሽያጭ ሥራ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። ስለሆነም በአንድ ጽሕፈት ቤት ሶኬት ላይ የሚታይ የቮልቴጅ ችግር የሚቀርበው ለሁለተኛው ተቋም ነው።

መስመር በረዘመ፣ ሽቦ በቀጠነ እና በአንድ ትራንስፎርመር ላይ የሚሰካው ተጠቃሚ በበዛ ቁጥር በመስመሩ ጫፍ ላይ የሚገኘው ቮልቴጅ ይቀንሳል። ጉዳቱም ከአምፖል መደብዘዝ ያለፈ ነው። ሙቀት የሚያመነጩ መሣሪያዎች የሚሰጡት ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ለ220 ቮልት የተሠራ ማምከኛ 180 ቮልት ሲደርሰው የሚሰጠው ሙቀት ከሙሉ አቅሙ 67 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የፓምፕና የማቀዝቀዣ ሞተሮችም በዝቅተኛ ቮልቴጅ ተመሳሳዩን ሥራ ለመሥራት የበለጠ ከረንት ስለሚስቡ ጥቅልላቸው እየጋለ ይሄዳል። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መጠን ውስጥ መጠበቅ ስላለባቸው የአንድ ማቀዝቀዣ ሞተር መቃጠል ጉዳቱ ከንብረት ኪሳራ ያልፋል።

የመሣሪያው ምንነት

ቮልቴጅን፣ ከረንትንና ሬዚስታንስን በአንድ መሣሪያ የመለካት ሐሳብ በሥራ የዋለው በብሪታንያ ፖስታ ቤት መሐንዲስ በነበረው ዶናልድ ማካዲ አማካይነት ሲሆን፣ አቮሜትር የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1923 ለገበያ ቀርቧል። ውጤቱን በመርፌ ፋንታ በአኃዝ የሚያሳየውን ቮልትሜትር ደግሞ አሜሪካዊው አንድሪው ኬይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሠርቷል። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች እያነሱ ሲሄዱም በእጅ የሚያዙ ዲጂታል መልቲሜትሮች ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በዓለም ተስፋፍተዋል።

መረጃ የሚመዘግበው መልቲሜትር ከተራው የሚለየው በውስጡ ሰዓትና ማኅደረ ትውስታ ስላለው ነው። ባለሙያው ሳይኖር በተወሰነለት የጊዜ ልዩነት እየለካ ውጤቱን ከቀንና ከሰዓቱ ጋር ያስቀምጣል። ቀን ላይ በሥራ ሰዓት 218 ቮልት የሚያሳይ ሶኬት ማታ ስንት እንደሚሆን የሚታወቀው በዚህ ዓይነት ምዝገባ ነው። አንድ ባለሙያ ረፋድ ላይ መጥቶ የሚወስደው ነጠላ ልኬት እውነት ቢሆንም የሙሉውን ቀን ሁኔታ አያሳይም።

ከፍታና የባለሙያው ደኅንነት

ከአዘጋጃጀቱ በፊት አንድ ለደጋ አካባቢዎች ልዩ ትርጉም ያለው ጉዳይ መነሳት ይኖርበታል። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ናቸው። የመለኪያ መሣሪያዎችን ደኅንነት የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የአይኢሲ 61010 ደረጃ ግን መደበኛ የአጠቃቀም ሁኔታን የሚወስነው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው።

ምክንያቱ የአየር መሳሳት ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክ ዘልሎ እንዳያልፍ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ ደረጃው ከ2,000 በላይ እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ለሚያገለግል መሣሪያ በውስጡ ባሉ የኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል ያለው የአየር ክፍተት በ1.14 እጥፍ እንዲሰፋ ይጠይቃል። ስለዚህ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ “እስከ 2,000 ሜትር” የሚል መሣሪያ በቢቸና ወይም በሞጣ የማከፋፈያ ሰሌዳ ላይ ሲውል በላዩ የተጻፈው የደኅንነት መጠን ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠለት አይደለም።

በመሣሪያው ፊት ላይ የሚታየው “ካት” የሚለው ምልክት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ካት 2 በሶኬት ላይ ለሚሰኩ መሣሪያዎች፣ ካት 3 ለሕንፃው ማከፋፈያ ሰሌዳና ለቋሚ መስመሮች፣ ካት 4 ደግሞ ኃይሉ ከውጭ ወደ ሕንፃው ለሚገባበት ሥፍራ የተወሰነ ነው። ወደ ኃይሉ ምንጭ በተቀረበ ቁጥር በመብረቅ ወይም በመስመር መቆራረጥ የሚፈጠረው ድንገተኛ ግፊት እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ የግዥ ዝርዝር በሚዘጋጅበት ጊዜ የመለኪያ ምድቡና የቮልት መጠኑ፣ ከዚህም ጋር መሣሪያው በየትኛው ከፍታ ላይ ይህን መጠን እንደሚያሟላ አብሮ መጠየቅ አለበት። ይህ አንድ መስመር በግዥ ሰነዱ ላይ መጨመሩ የባለሙያን ሕይወት የሚመለከት ነው።

የመሣሪያው አዘጋጃጀት

አንድ መልቲሜትር ለምዝገባ ሲዘጋጅ በቅደም ተከተል መታየት ያለባቸው ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው የመለኪያ ሽቦዎቹ የሚሰኩበት ቀዳዳ ነው። ጥቁሩ ሽቦ በጋራው ቀዳዳ፣ ቀዩ ደግሞ የቮልት ምልክት ባለበት ቀዳዳ መሰካት አለበት። ቀዩን ሽቦ በአምፔር ቀዳዳ ላይ እንደተሰካ ትቶ ቮልቴጅ ለመለካት መሞከር ፌዝና ኒውትራልን በቀጥታ እንደማገናኘት ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ባለሙያውን የሚጠብቀው በመሣሪያው ውስጥ ያለው ልዩ ፊውዝ ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ በተራ ፊውዝ ወይም በሽቦ መተካት መሣሪያውን ወደ አደጋ ምንጭነት ይለውጠዋል።

ሁለተኛው የኃይሉን ዓይነት መምረጥ ነው። የመስመር ኃይል ተለዋዋጭ፣ የባትሪና የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች ውጤት ቀጥተኛ ስለሆነ ማዞሪያው በተገቢው ምልክት ላይ መሆን አለበት። በተለዋዋጭ ኃይል ላይ መሣሪያው እውነተኛውን አርኤምኤስ የሚለካ መሆኑም መረጋገጥ ይኖርበታል። እውነተኛ አርኤምኤስ የማይለካ መሣሪያ ትክክለኛውን ውጤት የሚሰጠው ሞገዱ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። ለምሳሌ የካሬ ቅርጽ ያለው ሞገድ በሚያመነጭ ኢንቨርተር ላይ ሲለካ ከእውነተኛው 11 በመቶ ከፍ አድርጎ ያሳያል። 200 ቮልት የሆነውን 222 አድርጎ ያስነብባል ማለት ነው።

ሦስተኛው የመለኪያ መጠን ነው። መሣሪያው መጠኑን በራሱ እንዲመርጥ መተው ለተራ ልኬት ቢመችም፣ ለረጅም ምዝገባ ግን መጠኑን አስቀድሞ መወሰን ይመረጣል። ቮልቴጁ በተለዋወጠ ቁጥር መሣሪያው መጠን ሲቀያይር የሚያጠፋው ጊዜ ድንገተኛ ለውጦችን እንዳይመዘግብ ሊያደርገው ይችላል።

አራተኛው የመሣሪያው የመግቢያ ሬዚስታንስ ነው። አብዛኞቹ ዲጂታል መልቲሜትሮች ቮልቴጅ ሲለኩ 10 ሜጋ ኦም ያህል ሬዚስታንስ አላቸው። ከዚህ የተነሳ ከኃይል ምንጭ የተለያየ፣ ነገር ግን ኃይል ካለው ሽቦ ጎን ለጎን የተዘረጋ ሽቦ እንኳ ቮልቴጅ ያለው መስሎ ሊታይ ይችላል። ዝቅተኛ የመግቢያ ሬዚስታንስ ምርጫ ያላቸው መሣሪያዎች ይህን ሐሰተኛ ንባብ ያስወግዳሉ። ይህን ያልተረዳ ሰው የተቋረጠ መስመርን “ደካማ ኃይል ያለው” ብሎ ሊመዘግብ ይችላል።

አምስተኛው የራስ-በራስ መጥፊያና የባትሪ ሁኔታ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል መሣሪያዎች ሳይነኩ ከቆዩ በራሳቸው ይጠፋሉ። አንዳንዶቹ ምዝገባ ሲጀመር ይህን ተግባር በራሳቸው ይሰርዙታል፤ በሌሎቹ ላይ ግን ባለሙያው ከማዘጋጃ ዝርዝሩ ገብቶ መሰረዝ አለበት። ለአንድ ሳምንት ምዝገባ አዲስ ባትሪ መግጠም የኋላ ድካምን ያስቀራል።

የቀንና የሰዓት አቆጣጠር

በአገራችን ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው የሰዓትና የቀን መቁጠሪያው ዝግጅት ነው። መሣሪያዎቹ የሚጠቀሙት የጎርጎርዮስን ቀን አቆጣጠርና ከእኩለ ሌሊት የሚነሳውን ሰዓት ነው። የተቋሙ ጥበቃ ወይም ተረኛ ሠራተኛ በመዝገብ ላይ “ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ኃይል ተቋረጠ” ብሎ ሲጽፍ መሣሪያው ያንኑ ጊዜ 19፡00 ብሎ ያስቀምጠዋል። ሁለቱን መዝገቦች ለማመሳከር የስድስት ሰዓቱ ልዩነት አስቀድሞ መታሰብ አለበት። አንዳንድ ባለሙያዎች ችግሩን ለማቃለል የመሣሪያውን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞሉታል። ይህ ግን ቀኑ የሚለወጥበትን ሰዓት ስለሚያዛባ አይመከርም። መሣሪያውን በራሱ አቆጣጠር ትቶ ለውጡን በሪፖርቱ ላይ ማድረግ የተሻለ ነው።

የቀን አጻጻፍም እንዲሁ ያሳስታል። 03/04/2025 የሚለው ጽሑፍ ቀኑን በሚያስቀድም መሣሪያ ላይ ሚያዝያ መግቢያን የሚያመለክት ሲሆን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ይሆናል። ወሩን በሚያስቀድም መሣሪያ ላይ ግን የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በአንድ ወር የተሳሳተ ማስረጃ ይዞ ስለተቃጠለ መሣሪያ የሚቀርብ አቤቱታ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱን ከእጅ ስልክ ጋር ማመሳከር፣ የቀኑን ቅደም ተከተል መምረጥና ይህንኑ በምዝገባ ቅጹ ላይ ማስፈር ይገባል።

የምዝገባ የጊዜ ልዩነት

በስንት ደቂቃ ልዩነት ይመዝገብ የሚለው የሚወሰነው በሚፈለገው መልስና በማኅደረ ትውስታው መጠን ነው። በየደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ በአንድ ቀን 1,440 ንባቦችን ይይዛል። በየ10 ደቂቃው ከሆነ ለአንድ ሳምንት 1,008 ንባቦች ይበቃሉ።

የ10 ደቂቃና የአንድ ሳምንት ምጣኔ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። በአውሮፓ የሚሠራበት የኢኤን 50160 ደረጃ የአንድን መስመር የቮልቴጅ ጥራት የሚመዝነው በአንድ ሳምንት ውስጥ በተወሰዱ የ10 ደቂቃ አማካዮች ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 95 በመቶው ከመደበኛው ቮልቴጅ 10 በመቶ ከፍና ዝቅ ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ይህን ስሌት ለ220 ቮልት ብንወስደው ክልሉ ከ198 እስከ 242 ቮልት ይሆናል። ከ1,008 አማካዮች መካከል ከዚህ ክልል የሚወጡት ከ50 መብለጥ የለባቸውም ማለት ነው። ይህ ሥሌት ለአገር ውስጥ ተቋማትም ችግሩን በቁጥር ለመግለጽ አመቺ መነሻ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። አንዳንድ መልቲሜትሮች በየጊዜ ልዩነቱ የሚያስቀምጡት የዚያን ቅጽበት ንባብ ብቻ ሲሆን፣ ሌሎቹ ደግሞ የጊዜውን አማካይ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ መጠን ያስቀምጣሉ። የቅጽበት ንባብን እንደ አማካይ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። መሣሪያው የቅጽበት ንባብ ብቻ የሚይዝ ከሆነ በየደቂቃው አስመዝግቦ አማካዩን በኮምፒዩተር ማውጣት ይመረጣል።

ምዝገባው በሚካሄድበት ጊዜ መሣሪያው በሚቆለፍ ሥፍራ መቀመጥ፣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሊለጠፍበትና ሽቦዎቹ እንዳይላቀቁ መታሰር ይኖርባቸዋል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ከቆጣሪው በኋላ ባለው የተቋሙ መስመር ላይ ነው። የቆጣሪ ማኅተም መንካት ለአገልግሎት ሰጪው ባለሙያ ብቻ የተተወ ነው።

መረጃውን ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር

ምዝገባው ሲጠናቀቅ በመጀመሪያ ምዝገባውን ማቆምና በማኅደረ ትውስታው ውስጥ መቀመጡን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎም የመለኪያ ሽቦዎቹን ከኃይሉ ማላቀቅ ያስፈልጋል። መሣሪያውን ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ተግባር ነው።

የማገናኛው መንገድ እንደ መሣሪያው ይለያያል። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች የተለመደው በአርኤስ 232 ገመድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የዩኤስቢ ገመድና ብሉቱዝ ተስፋፍተዋል። በብዙ መሣሪያዎች ላይ ገመዱ የሚገጠመው በኢንፍራሬድ ብርሃን በሚሠራ መገናኛ ነው። በመሣሪያውና በገመዱ መካከል መረጃው የሚያልፈው በብርሃን ስለሆነ በመለኪያው በኩል ያለው ቮልቴጅ ወደ ኮምፒዩተሩና ወደ ተጠቃሚው እንዳይሻገር ይከላከላል። ይህ ዓይነት መለያ የሌለው መሣሪያ ሽቦዎቹ ኃይል ላይ እንዳሉ በፍጹም ከኮምፒዩተር ጋር መገናኘት የለበትም።

በኮምፒዩተሩ ላይ የመሣሪያው አምራች የሚያቀርበው ሶፍትዌርና የገመዱ ማስኬጃ ፕሮግራም አስቀድሞ መጫን አለባቸው። ግንኙነቱ እምቢ ካለ በቅድሚያ መታየት ያለበት ሶፍትዌሩ የመረጠው የመገናኛ ቁጥር ገመዱ ከተሰጠው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑና የመረጃ ማስተላለፊያው ፍጥነት በሁለቱም በኩል እኩል መሞላቱ ነው። መሣሪያው በማዘጋጃ ዝርዝሩ ላይ መረጃ የመላክ ተግባሩ ተዘግቶ ሊሆንም ይችላል።

መረጃው ከተዛወረ በኋላ የሚከተሉት ተግባራት በቅደም ተከተል ቢከናወኑ መልካም ነው።

አንደኛ፣ የንባቦቹ ብዛት ከሚጠበቀው ጋር ይነጻጸራል። ለሳምንት በየ10 ደቂቃው የተመዘገበ ፋይል 1,008 ንባቦች ከሌሉት የተቋረጠበት ጊዜ መለየት አለበት። ሁለተኛ፣ ዋናው ፋይል ሳይነካ ተቀምጦ ትንተናው በቅጂው ላይ ይሠራል። ሦስተኛ፣ ፋይሉ ወደ ኤክሴል ሲገባ የአሥርዮሽ ነጥብና ኮማ እንዳይቀያየሩ ይፈተሻል፤ 219.5 የሚለው ንባብ 2195 ወይም ቀን ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። አራተኛ፣ የፋይሉ ስም የተቋሙን፣ የልኬት ቦታውንና የቀኑን መለያ ይይዛል። አምስተኛ፣ በቢሮዎች መካከል የሚዘዋወሩ ፍላሽ ዲስኮች በቫይረስ መከላከያ ይፈተሻሉ። የመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ የሚጸዳው ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀና መጠባበቂያ ቅጂ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው።

ከመረጃ ወደ ውሳኔ

በአግባቡ የተዘጋጀ ምዝገባ የችግሩን ምንጭ ለመለየት ያስችላል። ቮልቴጁ ቀን ላይ ደኅና ሆኖ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ በየዕለቱ የሚወርድ ከሆነ ምልክቱ በትራንስፎርመሩ ወይም በመስመሩ ላይ ያለው ጭነት መብዛቱ ነው። ሌሊትም ቀንም ዝቅ ብሎ የሚኖር ከሆነ የትራንስፎርመሩ የቮልቴጅ ማስተካከያ ደረጃ መታየት ያለበት ሊሆን ይችላል። በሕንፃው መግቢያ 215 ቮልት፣ በመጨረሻው ክፍል ሶኬት ላይ ግን 190 ቮልት ከተገኘ ጥገና የሚያስፈልገው የተቋሙ የራሱ የውስጥ መስመር ነው። በዚህ ሁኔታ ለአገልግሎት ሰጪው ደብዳቤ መጻፍ ጊዜ ከማባከን አያልፍም።

ከሁሉም አሳሳቢው አንዱ ፌዝ ሲወርድ ሌላው ከ220 ቮልት በእጅጉ ከፍ የሚልበት ሁኔታ ነው። ይህ የኒውትራል ሽቦ መላላትን ወይም መበጠስን ሊያመለክት ስለሚችል፣ በነጠላ ፌዝ መሣሪያዎች ላይ ወደ 380 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ከመድረሱ በፊት አስቸኳይ እርምጃ ይጠይቃል። ሳምንት ጠብቆ ሪፖርት የሚዘጋጅበት ጉዳይ አይደለም።

የሙሉ ቀን መረጃ አስፈላጊነት በአንድ ምሳሌ ሊታይ ይችላል። ማታ 195 ቮልት የሚያገኝ አንድ የጤና ተቋም የትራንስፎርመሩ ማስተካከያ በ5 በመቶ ከፍ እንዲል ቢጠይቅ የምሽቱ መጠን ወደ 205 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን ጭነት በሚቀንስበት በእኩለ ሌሊት ቀድሞውኑ 235 ቮልት ከነበረ ከማስተካከያው በኋላ ወደ 247 ቮልት ይወጣና ቀድሞ ከተጠቀሰው የ242 ቮልት ጣሪያ ያልፋል። የምሽቱን ችግር ለመፍታት የተወሰደው እርምጃ ሌሊቱን መሣሪያ ሊያቃጥል ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ተገቢው መፍትሔ ጭነቱን ማመጣጠን፣ የትራንስፎርመሩን አቅም ማሳደግ ወይም ለዋነኞቹ መሣሪያዎች ስታቢላይዘር መግጠም ይሆናል። ሁለቱን መንገዶች የሚለያቸው ሌሊቱን የተመዘገበው ቁጥር ብቻ ነው።

የመልቲሜትር ውሱንነትም መታወቅ ይኖርበታል። መሣሪያው በአንድ ጊዜ አንድ ፌዝ ብቻ ይለካል፤ እጅግ አጭር የሆኑ የኃይል ግፊቶችንም አይይዝም። በሁለት ወገኖች መካከል ክርክር ላስነሳ ጉዳይ ሦስቱንም ፌዝ በአንድነት የሚመረምር የኃይል ጥራት መተንተኛ ማስፈለጉ አይቀርም። የመልቲሜትሩ ምዝገባ ግን ያንን ውድ መሣሪያ መጥራት ተገቢ መሆን አለመሆኑን ለመወሰን በቂ መረጃ ይሰጣል።

የልኬት ታማኝነት

ማንኛውም ልኬት የራሱ የስሕተት መጠን አለው። ትክክለኛነቱ 0.7 በመቶና 2 የመጨረሻ አኃዝ ነው የተባለ መሣሪያ 220.0 ቮልት ሲያሳይ እውነተኛው መጠን ከ218.3 እስከ 221.7 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ነው። ይህ የሚሠራው ግን መሣሪያው በወቅቱ ካልብሬት ከተደረገ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ-ልክ ሥራ ራሱን በቻለ ብሔራዊ ተቋም እንዲመራ የተደረገው በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በአራት ተቋማት ሲደራጅ ነው። የተቋማት የመለኪያ መሣሪያዎች የካልብሬሽን ምስክር ወረቀት ያላቸው መሆኑን መከታተል የንብረት አስተዳደርና የጥገና ክፍሎች የጋራ ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።

ስለሆነም ለሥራ ኃላፊ የሚቀርብ የልኬት ሪፖርት የመሣሪያውን ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ የመጨረሻውን የካልብሬሽን ቀን፣ የተለካበትን ትክክለኛ ቦታ፣ የምዝገባውን የጊዜ ልዩነት፣ የቀንና የሰዓት አቆጣጠሩን፣ የለካውን ባለሙያ ኃላፊነትና ዋናው ፋይል የተቀመጠበትን ሥፍራ መያዝ አለበት። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ሪፖርት ወደ አዘጋጁ ተመልሶ እንዲሟላ ማድረግ አላስፈላጊ ቢሮክራሲ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በአጠቃላይ ለአንድ ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ወይም ለአንድ የከተማ ውኃ ፓምፕ የሚወጣው የሕዝብ ሀብት ከአንድ መልቲሜትር ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለከፍታው ተስማሚ የሆነ መሣሪያ መግዛት፣ በአግባቡ የሚያዘጋጀውን ባለሙያ ማሠልጠንና የተመዘገበውን መረጃ ጠብቆ ማቆየት በቢቸና፣ በሞጣና በመሰል ከተሞች የሚገኙ ተቋማት አሁን ባላቸው አቅም ሊፈጽሙት የሚችሉት ተግባር ነው። “ኃይሉ ደካማ ነው” የሚለው ደብዳቤ የሳምንት ምዝገባ አባሪ ሆኖበት ሲቀርብ፣ የሚጽፈውም ሆነ የሚቀበለው ተቋም ምን ማድረግ እንዳለበት በግልጽ ለማወቅ ይችላል።